ያለ ጓንት አትንኩ

ሬሳው ጥቁር ኩሬ ዳር በደረቱ ተደፍቶ ነበር። አንድ እጁ ውሃው ውስጥ ገብቷል፤ ሌላው ድንጋይ እንዳቀፈ ቀርቷል። አጠገቡ ሰማያዊ ባልዲ ቆሟል። ባልዲው አልተገለበጠም፤ ውስጡ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ጎኑን ይዘው ቀስ ብለው ይወጣሉ።

ጭራዬ ዓይኗን ከባልዲው ላይ አልነቀለችም። ፊታቸውን ላለማየት ነበር። ሟቹ የእናቷ ወንድም፣ የሥራ አለቃዋ፣ እንደ አባት ሆነው ያሳደጓት ሰው ናቸው። ልጅ ሳለች ከኋላቸው አልለይ ስላለቻቸው «ጭራዬ» ያሏትም እሳቸው ናቸው፤ ስሙ አድጋም፣ ተምራም፣ በምርምር ተቋሙ ውስጥ ረዳታቸው ሆናም አልለቀቃትም። እሳቸውን ደግሞ ሰው ሁሉ «ጋሼ ቀንድ አውጣ» ይላቸው ነበር፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት የወንዝ ቀንድ አውጣንና በሆዱ ተሸሽጎ የሚኖረውን ተውሳክ ነውና።

«አደጋ ነው፤ ምን ይባላል?» አለ የተቋሙ ዳይሬክተር፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ። «ድንጋዩ ያንሸራትታል። ብቻዎን አይውረዱ ብዬ ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ!» ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞረ። «ስንት ሰዓት ሆነ?»

ሾፌሩ የሞባይሉን ስክሪን አሳየው። በየጥቂት ሜትሩ ፍሬን ስለሚይዝ የሥራ ባልደረቦቹ «ፍሬን» ይሉታል። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው፤ ጋሼን ጠዋት ቤታቸው ሲያጣቸው እዚህ ሊፈልጋቸው ወርዶ።

መርማሪው ቁልቁለቱን ሲወርድ ለሽርሽር የወጣ አዛውንት ይመስል ነበር። አጭር፣ ትከሻው የወደቀ፣ የዓይኑ ቆብ ግማሽ ድረስ የተከደነ ሰው ነው።

«ይሄ ነው መርማሪው?» አለ ፍሬን በሹክሹክታ። «ይሄማ እኛኑ ትራስ ሊያደርገን ነው የመጣው።»

ኢንስፔክተሩ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ጎንበስ ብሎ ጭንቅላታቸው ላይ ያለውን ቁስል አየ፤ ድንጋዩን አየ። ከዚያ የጎማ ቦት ጫማቸውን ሶል በጣቱ ጠረገና ጣቱን ወደ ብርሃን አነሣው። ጣቱ ንጹህ ነበር። የራሱን ጫማ ተመለከተ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። የኮታቸውን ኪስ ፈትሾ አንዲት ቁልፍ አወጣ።

«የምን ቁልፍ ነው?»

«የቀንድ አውጣ ክፍሉ» አለች ጭራዬ፤ ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት።

«ሁልጊዜ ኪሳቸው ነው የሚይዙት?»

«አይ… አንገታቸው ላይ ነው የሚያስሩት። ዕቃ ይጠፋባቸዋል።»

«ሌላ ቁልፍ ማን ጋ አለ?»

«እኔ ጋ ብቻ።»

የተከደኑት ዓይኖች ትንሽ ተከፈቱና መልሰው ተከደኑ። «ልጄ፣ ይሄን ባልዲ ይዛችሁ ስትመለሱ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«እያንዳንዱን ቀንድ አውጣ በብርጭቆ ውሃ እናደርግና መስኮት ላይ እናስቀምጣለን። ብርሃን ሲመታቸው የሚወጣውን እናያለን።»

«እንግዲያው የለመድሽውን አድርጊ። ሾፌር፣ አንተ እዚሁ ቆይና ከኩሬው ቀንድ አውጣ ሰብስብልኝ።»

«እዚህ? እዚህማ ግማሽ ቀን ብፈልግ ሁለት ሦስት ባገኝ ነው ጌታዬ! ይሄ ውሃ እኮ ምንም አያሳድግም።»

«ሁለት ሦስት ይበቃኛል።» ሬሳውን ሲያነሡ ዳይሬክተሩም ጎንበስ ብሎ ውሃው ውስጥ ያለውን እጃቸውን ያዘ።

*

የቀንድ አውጣ ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮስኮፕና ሁለት የመስታወት ገንዳዎች አሉት። በአንዱ ገንዳ ላይ «ምንጭ» ተብሎ ተጽፏል፤ ክዳኑ ላይ በቀይ «ያለ ጓንት አትንኩ» የሚል ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። በሌላው ላይ «ጥቁር ኩሬ» ተብሏል። ሰሌዳ የለውም።

ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አስተርጓሚዬ አንቺ ነሽ። እኔ ስለ ትል የማውቀው ዓሣ እንደሚጠመድበት ብቻ ነው። ይሄኛው ለምን ጓንት ይፈልጋል?»

ጭራዬ ብርጭቆዎቹን መስኮቱ ላይ እየደረደረች ነገረችው። እጇን ሥራ ስታስይዘው ፍርሃቱ ትንሽ ይታገሳታል። «ተውሳኩ ቀንድ አውጣው ሆድ ውስጥ ይራባል። ብርሃን ሲሆን ወጥቶ ይዋኛል። ጭራ ስላላቸው እኛ ጭራማ ነው የምንላቸው። የሰው ቆዳ ካገኙ በስተው ይገባሉ። ቆዳው ያሳክካል፣ ሽፍታ ይወጣል፤ ቆይቶ ደግሞ በሽታው ጉበትና አንጀት ላይ ይወርዳል።»

«ጥቁር ኩሬስ?»

«እዚያ ከባትሪ ፋብሪካው እርሳስና ካድሚየም ይወርዳል። ከባድ ብረቶች ናቸው። ጭራማዎቹ አይችሉትም፤ ከቀንድ አውጣው አይወጡም፣ ቢወጡም ጭራቸው ተቆርጦ ይሞታሉ።»

«ስለዚህ ፋብሪካው ሐኪም ነው በይኛ!»

«ትል የገደለ ውሃ ለሚጠጣው ሰው ምን የሚሆን ይመስልዎታል?» ድምጿ ከፍ አለና ራሷ ደነገጠች። ትናንትም ድምጿ ከፍ ብሎ ነበር፤ በዚሁ ክፍል፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

እሱም ያንኑ አነሣ። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ከአጎትሽ ጋር ተጣልተሽ ነበር አሉ። ምን አልሻቸው?»

ጭራዬ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ውጤቱን ለውሃ ባለሥልጣኑ ነገ እናገራለሁ አሉኝ፤ ዛሬ ማለታቸው ነው። እንፍራ፣ እንቆይ ብዬ ለመንኳቸው፣ ያጠፉዎታል አልኳቸው። እሳቸው ሳቁብኝ። እኔም… ‹እንግዲያው ይሙቱ! ምን አገባኝ!› አልኳቸው።»

ኢንስፔክተሩ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«መጨረሻ የተነጋገራችሁት ያ ነው?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

*

መጀመሪያ የገባችው የፋብሪካው ኬሚስት ነች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ጨበጠችው።

«ከሟቹ ጋር ምን አገናኘሽ?»

«ፋብሪካው ካወቀ እባረራለሁ።»

«እኔ ፋብሪካ አይደለሁም።»

«እውነተኛውን የፍሳሽ ናሙና የማመጣላቸው እኔ ነበርኩ። ለተቋሙ የሚላከው ናሙና ሌላ ነው። ከላይኛው ቧንቧ የተቀዳ ተራ ውሃ ነው በሉት! ዳይሬክተሩ ‹ንጹህ› ብሎ የሚፈርመው በዚያ ላይ ነው።»

«ዳይሬክተሩ ያውቃል?»

«ቀንድ አውጣዎቹን አይቶ እንዴት አያውቅም? ባለፈው ወር ጋሼ የጥቁር ኩሬ ጭራማዎች ሁሉ እንደሞቱ ለእሱም ለኔም አሳይተውን ነበር። ፊቱ አመድ ነው የመሰለው።»

«ትናንትስ እዚህ መጥተሽ ነበር?»

ኬሚስቷ ወደ ጭራዬ አየች። «ጠዋት። አንድ ነገር በማይክሮስኮፑ አሳዩኝ። እሷ ትንገርዎት። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል።»

ቀጥሎ ዳይሬክተሩ መጣ፤ ግን ከበሩ ወዲህ አልገባ አለ። ከደፉ ላይ ቆሞ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄ ክፍል አይስማማኝም። ትል የሚባል ነገር ያንገሸግሸኛል። ያቺን ማይክሮስኮፕም ባለፈው ወር ቢሮዬ ድረስ ነው ያመጡልኝ። እኔ እዚህ ከረገጥኩ ዓመት አልፎኛል።»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ። ከዚያ ቤቴ።» የግራ እጁን ጃኬቱ ላይ ፈተግ ፈተግ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ሰው ማማት አልወድም። ግን ‹ይሙቱ› ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። የዚህ ክፍል ቁልፍ ያለውም አንድ ሰው ጋ ነው። እኔ አደጋ ነው ብያለሁ። እርስዎ አይደለም ካሉ ግን… እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ።»

ሲሄድ ጭራዬ በዓይኗ ተከተለችው። ዳይሬክተሩ በትህትና፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ አንገቷ ላይ ገመድ አስገብቶ ሄደ።

«ብርጭቆዎቹ ደርሰዋል?» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ዓይኑን ግማሽ እንደከደነ።

የመጀመሪያውን ብርጭቆ ወስዳ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገች። ዓይኗን አስጠጋች።

ውሃው ሕይወት ሞልቶታል። ጭራማዎቹ ይወረወራሉ፣ ይጠማዘዛሉ፣ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ሁለተኛውን አየች፤ ያው ነው። ሦስተኛውም።

ጥቁር ኩሬ ይህን ሊያወጣ አይችልም። ባልዲው የተሞላው ከኩሬው ሳይሆን ከዚህ ክፍል ነው፤ ከቆለፈችው ክፍል፣ እሷ ብቻ ቁልፍ ካላት ክፍል። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች አጎቷ በአደጋ እንዳልሞቱ ይመሰክራሉ፤ ምስክርነቱ ደግሞ የሚያመለክተው ወደ እሷ ነው። ብርጭቆዎቹን ገልብጦ ማጠብ አንድ እርምጃ ነው። የቧንቧው መክፈቻ ክንዷ ሥር ነው።

«ምን አለ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ምንም።»

«ምንም ከሌለ ቧንቧውን ምን ፈለግሽ?»

እጇ ቧንቧው ላይ ነበር። መቼ እንደዘረጋችው አላወቀችም። ጋሼ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? «ያየሽውን ካልተናገርሽ ምን ዓይን አለሽ ይባላል?» ነበር የሚሉት፤ ተማሪ ሳለች ጀምሮ።

እጇን ከቧንቧው አነሣች። ሁሉንም ነገረችው፤ ራሷን የሚያስከስሰውንም ጭምር። ኢንስፔክተሩ ዓይኑን ሳይገልጥ አዳመጠና ከኪሱ አንድ ቀንድ አውጣ አወጣ።

«ከባልዲው ነው የወሰድኩት፤ ይቅርታ። ዛጎሉ ዝገት የመሰለ ነገር ለብሷል። እዚህ ጋ ግን ክብ፣ ንጹህ ቦታ አለ። ሌሎቹም ላይ አለ። ምንድን ነው?»

ጭራዬ ዛጎሉን ወደ መስኮቱ አዞረችው። «የጥፍር ቀለም!»

«እንዴት?»

«ምልክት ነው። ከኩሬ ወይም ከምንጭ ስናመጣቸው ዛጎላቸውን ፍቀን ጠብታ የጥፍር ቀለም እናደርግባቸዋለን። ቀይ የጥቁር ኩሬ ነው፤ ነጭ የምንጭ። ቀለሙን በአሴቶን የጠረገ ሰው አለ። የምንጮቹ ዛጎል ደግሞ ዝገት የለውም፤ እነዚህ ከዚያኛው ገንዳ ናቸው።» ወደ ጥቁር ኩሬ ገንዳ ጠቆመች።

«ከጥቁር ኩሬ ከመጡ ጭራማቸው ለምን አልሞተም?»

«አጎቴ ትናንት ያሳዩን እሱን ነው…» አለች፤ ከዚያ ድንገት ቆመች። ወደ ገንዳው፣ ከዚያ ወደ ቀዩ ሰሌዳ፣ ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሩ አየች።

የኢንስፔክተሩ ዓይኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተከፍተው ነበር።

«ጨርሺልኝ፤ ግን ቀስ ብለሽ» አለ።

*

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ በግድ ነበር የገባው፤ ወንበሩን ከገንዳዎቹ አርቆ አስቀመጠ። ፍሬን እስከ ክርኑ የሚደርስ ጓንት አጥልቆ፣ በእጁ አንድ ጣሳ አቅፎ መጣ።

«ሦስት ነው ያገኘሁት። ወገቤ ተቆረጠ!»

«ጓንቱን ለምን አታወልቅም?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«እኔ? እነዚህ መኪናዬ ላይ ከተጫኑ እንኳ መሪውን በጓንት ነው የምይዘው። የትኛው ክፉ የትኛው ደግ እንደሆነ ምን አውቃለሁ!»

ኬሚስቷ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ወዲያው ፊቷ ተመለሰ።

ኢንስፔክተሩ ቆመ። «የሟቹ ቦት ጫማ ጭቃ አልነካውም። ስለዚህ ወደ ኩሬው በእግራቸው አልወረዱም፤ ሰው ተሸክሞ አውርዷቸዋል። ቁልፋቸው ከአንገታቸው ወጥቶ ኪሳቸው ገብቷል። ስለዚህ ያ ሰው ይሄን ክፍል ከፍቶበታል። ምን ሊወስድ? ቀንድ አውጣ። ሊለቅሙ ወርደው አንሸራተታቸው እንዲባል። እዚህ ድረስ የሚከተለኝ አለ?»

ፍሬን ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የራሷ ቁልፍ ያላት ልጅ የሟቹን ቁልፍ ከአንገታቸው ፈትታ ምን ታደርገዋለች? ይሄ አንድ። ሁለት፦ ሌባው ከሁለቱ ገንዳዎች መርጦ ከጥቁር ኩሬው ወሰደ። ምልክታቸውንም ጠረገ። ለምን መረጠ? የኩሬው ጭራማ እንደሚሞት፣ የምንጩ እንደሚኖር ያውቃል፤ ብንመረምር እንዳንይዘው ነው። ሾፌሩ ልዩነቱን አያውቅም። ከሁሉም ጋር በጓንት ነው የሚኖረው።»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ ፍሬን።

«ግን ሌባው ያላወቀው ነገር አለ። ልጄ፣ ንገሪያቸው።»

ጭራዬ ተነሣች። «የጥቁር ኩሬዎቹን ከሳምንታት በፊት ወደ ንጹህ ውሃ አዛወርናቸው። ብረቱ ከላያቸው ሲነሣ ተውሳኩ ያገግም እንደሆነ ለማየት ነው። ትናንት ጠዋት ጭራማዎቹ መዋኘት ጀመሩ። ብረቱ ተውሳኩን አፍኖት እንጂ ከሆዳቸው አላጠፋውም ነበር። ጋሼ ያሳዩት ለኔና ለእሷ ብቻ ነው።» ወደ ኬሚስቷ ጠቆመች። «ገንዳው ላይ ሰሌዳ ሊሰቅሉ ነበር። አልደረሱም።»

«እንግዲህ» አለ ኢንስፔክተሩ፣ «ይሄን የምታውቅ ሴት ማስመሰያ ብላ እነዚህን አትመርጥም። ብትመርጥም እጇን ያለ ጓንት አትከትም። አሮጌውን ውጤት ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን ‹ያኛው ገንዳ የሞተ ነው› ብሎ እጅጌውን ይሰበስባል፣ ሰዓቱን ይፈታል፣ እስከ ክርኑ ይገባል። ውሃው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ፣ ጭራማ የሞላው ነው። እባካችሁ ሁላችሁም እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ።»

የኬሚስቷ እጆች ወጡ። ፍሬን ጓንቱን በጥርሱ ጎትቶ አወለቀ። ጭራዬ የራሷን ዘረጋች፤ ንጹህ ናቸው።

ዳይሬክተሩ እጁን አላወጣም። ያን ጊዜ ነው ጭራዬ የጠዋቱ ነገር የገባት። በየማለዳው በር ላይ ቆሞ የእጅ ሰዓቱን እያየ ያረፈደ ሁሉ ላይ የሚቆጣ ሰው፣ ዛሬ ሰዓት ከሾፌር ጠየቀ፤ ሰዓቱ እጁ ላይ አልነበረም።

«ይሄ ምን ዓይነት ቀልድ ነው?» አለ። ግን ከኢንስፔክተሩ ጋር የመጣ ፖሊስ ከኋላው ቆሟል። እጅጌው ሲሰበሰብ ክንዱ ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ በቀያይ ነጠብጣብ ተሸፍኗል፤ አንዳንዱ እስኪደማ ታክኳል።

«ከኩሬው ነው!» ብሎ ጮኸ። «ጠዋት ሬሳውን ሲያወጡ አግዣለሁ፤ እጄ ውሃው ውስጥ ገብቷል! ሁላችሁም አይታችኋል!»

ኢንስፔክተሩ ወደ ጭራዬ አየ። እሷም የፍሬንን ጣሳ ወሰደች። ቀንድ አውጣዎቹን ከነኩሬው ውሃ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋ መስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጠች። ጠበቁ። ጥበቃው ረዘመ፤ ዳይሬክተሩ ሳያውቀው ክንዱን ሲያክ የጥፍሩ ድምፅ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጠብታ ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጋ ቦታውን ለቀቀችለት።

«ይዩ» አለችው።

«አላይም።»

«አንድ የሚዋኝ የለም። ጥቁር ኩሬ ውስጥ ማንንም የሚያሳክክ ነገር አይኖርም፤ እርስዎ ንጹህ ነው ብለው የፈረሙበት ውሃ ገድሏቸዋል። ሽፍታው ከኩሬው ነው ካሉ ፊርማዎ እውነት ነው፣ ይሄ ብርጭቆ ግን ውሸት ሊሆን ነው። ብርጭቆው ደግሞ ይኸው።»

ዳይሬክተሩ እንደ ባዶ ከረጢት ወንበሩ ላይ ተልፈሰፈሰ።

«የተቋሙ ደረጃ ላይ ነው» አለ። «ተዉት አልኳቸው። ለመንኳቸው። አልፈውኝ ሊሄዱ ሲሉ ክንዳቸውን ሳብኩ… ገፋሁ መሰለኝ። ድምፁ… ያ ድምፅ…» ድንገት ቀና አለ። ፊቱ ላይ የነበረው የፖሊስ ፍርሃት አልነበረም። ክንዱን እንደ ሌላ ሰው ክንድ አርቆ ያዘው። «ገብተዋል? አሁን ውስጤ ናቸው?»

ጭራዬ ሊመለስለት እንደማይገባ አሰበች። እስኪነጋ ድረስ እንዲህ እያየው ይቀመጥ፣ ይፍራ፣ እሷ ዛሬ እንደፈራችው። ግን የጋሼ ድምፅ አሁንም ጆሮዋ ውስጥ ነበር።

«ገብተዋል» አለች። «መድኃኒት አለው። አሁን አይሠራም፤ ትንሽ እስኪያድጉ ይጠበቃል። እስር ቤት ላለው ሐኪም ይንገሩት፤ እንዳይረሱ።»

ወሰዱት። ፍሬን በሩ ላይ ቆሞ ጓንት የሌለውን እጁን በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ተወው፤ የት እንደሚያሳርፈው የጠፋው ይመስል።

ኢንስፔክተሩ ባርኔጣውን አነሣ። ዓይኑ መልሶ ተከድኗል። «የውሃ ባለሥልጣኑ ሰዎች ታች አዳራሽ ተሰብስበው እየጠበቁ ነው አሉ። ማን ይነግራቸዋል?»

ጭራዬ ከመሳቢያው ባዶ ሰሌዳና ቀይ ቀለም አወጣች። ጓንቷን አጠለቀች። «ያለ ጓንት አትንኩ» ብላ ጻፈች፤ ፊደሎቹ ቢንጋደዱም ይነበባሉ። ሰሌዳውን በጥቁር ኩሬ ገንዳ ክዳን ላይ አንጠለጠለችው፣ ጋሼ ሊሰቅሉት ያሰቡበት ቦታ ላይ።

«እኔ» አለች፤ የኩሬውንም ብርጭቆ ይዛ ወረደች።